ጎረቤታችን ከቤት መውጣት አቁማለች፤ ዕድራችን ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። የሰፈራችን የሴቶች ዕድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። አንዲት ጎረቤታችን ባሏ ካረፈ ስምንት ወር ሆነ። ለቅሶው ላይ ቤቷ በሰው ተሞልቶ ነበር። አሁን ግን ከቤት አትወጣም። ቡና ስንጠራት ‹ራሴን ያመኛል› ትላለች። የዕድር ክፍያ ካቆመች ሦስት ወር አልፏል። ልጆቿ ትምህርት ቤት ያረፍዳሉ። ቤቱን የያዘችው የ12 ዓመቷ ትልቋ ልጅ ናት። ግማሾቻችን ጸበል እንውሰዳት እንላለን፤ ሌሎቹ ደግሞ ‹ተዉአት፣ ጊዜ ይፈታዋል› ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ለአንዷ ‹ምነው እኔም አብሬው በሄድኩ› ብላታለች። ልጠይቃት ፈልጌ፣ ባባብስባትስ ብዬ ፈራሁ። ሳንጎዳት እንዴት እንርዳት?»

መልስ፦

ስለ ዕድሩም፣ ስለ ጸበሉም፣ ስለ ልጆቹም እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን «ምነው እኔም አብሬው በሄድኩ» ያለችውን እናንሳ፤ እሱ የሚያድር ጉዳይ አይደለም።

እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ አይታለፍም። ዛሬውኑ ይጠይቋት። ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ይፈራል፤ «እኔ ካነሳሁባት ያላሰበችውን አሳስባታለሁ» ይላል። በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን ይህን ፍርሃት አይደግፉም። ራስን ስለማጥፋት በቀጥታና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም። እንዲያውም ለብዙዎች እፎይታ ነው። ለማንም ያልተናገሩትን የሚሰማ ሰው አገኙ ማለት ነው።

ልጆቹ በሌሉበት፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይቀመጡ። እንዲህ ሊሏት ይችላሉ፦ «ሰሞኑን በጣም ከብዶሻል፤ አየዋለሁ። ሰው እንዲህ ሲከብደው አንዳንዴ መኖር ያስጠላዋል። አንቺስ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ቃሉን አይሸፋፍኑት። «መቼም እንዲህ ያለ ነገር አታስቢም አይደል?» ብለው ከጠየቁ ግን «አላስብም» እንድትል እየለመኗት ነው። ጠይቀው ሲያበቁ ዝም ይበሉ። ብታለቅስ ታልቅስ። አይቆጧት፣ «ኃጢአት ነው» አይበሏት። ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች። ያን ማወቋ ነው አፏን የሚዘጋው።

«ብሞት እመርጣለሁ፣ ግን ምንም ላደርግ አላሰብኩም» ካለች፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ ወደ ሕክምና መሄድ አለባት። እንዴትና መቼ እንደምታደርገው ካሰበች፣ ወይም ያዘጋጀችው ነገር ካለ፣ ለአንድ ሰዓትም ብቻዋን አትተዉአት። ያኔውኑ ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይዛችኋት ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን ክፍት ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ሁሉ ለጊዜው ከቤቱ ይውጣ። ሌሊት ሌሊት አብራት የምታድር ሰው ትኑር። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ብትለምንዎት አይማሉላት። «ለሰፈር አልናገርም፤ ሊረዳሽ ለሚችል ሰው ግን አብረን እንነግራለን» ይበሏት፤ ቃልዎንም ይጠብቁ።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። «ጊዜ ይፈታዋል» የሚሉት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ሐዘን በሽታ አይደለም። ባሏን ያጣች ሴት በስምንተኛው ወርም በዓመቱም ብታለቅስ ጤነኛ ናት። ሐዘን ግን መጥቶ ይሄዳል። በመሃል ልጇ ያለችው ነገር ያስቃታል፣ ምግብ ይጣፍጣታል፣ ጎረቤት ሲመጣ ፊቷ ይፈታል። ድብርት ሲሆን ይህ ፋታ የለም። ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ልብ ይጨልማል። ደስ ይላት የነበረው ነገር ሁሉ ስሜት አይሰጣትም። እንቅልፍ ይጠፋል ወይም ይበዛል። አቅም ያልቃል። ሰው ራሱን ይወቅሳል፣ «ለልጆቼም ሸክም ነኝ» ማለት ይጀምራል። የጻፉልኝን ሳየው፣ ከቤት አለመውጣቷ፣ ልጆቿን መያዝ እያቃታት መሆኑ፣ ሞትን መመኘቷ አንድ ላይ ተደምረዋል። ይህ እስኪያልፍ የሚጠበቅ አይመስለኝም። ባለሙያ አይቶ መወሰን አለበት።

«ራሴን ያመኛል» ማለቷን ሰበብ ነው ብላችሁ አትለፉት። እኛ ዘንድ ድብርት ብዙ ጊዜ የሚናገረው በሰውነት ነው። ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ የልብ ምት፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»። ሰው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ የሚነግረው ስለ ጨጓራው ብቻ ነው፣ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል። በከተማችን እንዲህ ዓመት የተንከራተቱ ሰዎች በመጨረሻ ወደ እኛ፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ይመጣሉ። ስለዚህ አብራችኋት ስትሄዱ፣ እሷ ከፈቀደች፣ ስለ ስምንቱ ወር እናንተ ተናገሩ። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ድካምና ድብርት ያመጣሉ። የደም ምርመራ ቢደረግላት ጥሩ ነው።

አሁን በጣም የማስብበትን ነገር ልንገርዎት። በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚሆነውን ያውቁታል። ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ድስቱና ወንበሩ ከዕድሩ ቤት ይወጣል፣ ሰው አብሮ ያድራል። ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር የሌላቸው ስንት አገሮች አሉ። ዕድር ግን የተሠራው ለቀብር ነው። የሚበተነው ደግሞ ልክ ብቸኝነቱ ሲጀምር ነው።

መጀመሪያ ላይ ድንጋጤ አለ፣ ሰው አለ፣ የሚሯሯጡበት ወረቀት አለ። አራተኛው፣ አምስተኛው ወር ላይ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ አልጋው ባዶ ነው። ያኔ የሚመጣ ሰው የለም። እሷም «ሰው ሁሉ አልቅሶልኛል፣ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?» ትላለች። በዚያ ላይ የዕድር ውዝፍ አለባት። ቡና ላይ የማትመጣው ስላመማት ብቻ ላይሆን ይችላል። ባለዕዳ ሆና የገንዘብ ያዥዋን ዓይን ማየት አፍራ ይሆናል። ስለዚህ በገንዘብ ያዥነትዎ መጀመሪያ ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው፦ ውዝፉን ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረው ያንሱላት፣ ወይም ያቆዩላት። ስብሰባ ላይ ስሟ አይጠራ። ለእሷ ብቻ፣ ቤቷ ሄደው፣ «የዕድሩን ነገር አታስቢ፤ ተነጋግረንበታል» ይበሏት። ይህ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ከዚያ ሦስት ሰው ያስፈልጋችኋል። አርባ ሴት አንድ ጊዜ ከምትመጣ፣ ሦስት ሴቶች ለስድስት ወር ቢመላለሱ ይሻላል። እንግዳ ሲበዛ ሰው የታመመበት ቤት ይጨነቃል። ቡና ማፍላት አለባት፣ ቤት ማስተካከል አለባት፣ ፈገግ ማለት አለባት። ሦስቱ እነማን ይሁኑ የሚለውን ደግሞ እሷን ጠይቋት። በሰፈር ጉዳይ ሁልጊዜ ቀድማ የምትገኘው ሴት ለዚህ ሥራ ላትሆን ትችላለች። ብዙ ጊዜ የምትሆነው ዝምተኛዋ ናት።

ቀን ይለያችሁ። አንዷ ማክሰኞ፣ አንዷ ሐሙስ፣ አንዷ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የድብርት አንዱ ክፋቱ፣ ነገ ከዛሬ የሚለይ አይመስልም። ሐሙስ ሰው እንደሚመጣ ማወቅ ግን ሳምንቱን ይከፍለዋል። ባትከፍት እንኳ «ሐሙስ እመለሳለሁ» ብላችሁ ሂዱ፣ ሐሙስም ተመለሱ።

«የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» አትበሏት። የሚያስፈልጋትን አስባ፣ መርጣ፣ አፍ አውጥታ መጠየቅ ራሱ አቅም ይፈልጋል፤ ያ አቅም ነው ያለቀባት። የምትሠሩላትን ሥራ በስሙ ጥሩላት። «ነገ እንጀራ ስጋግር ለእናንተም እጨምራለሁ።» «ልጆቹን ጠዋት ከልጆቼ ጋር በባጃጅ አደርሳቸዋለሁ።» «ቅዳሜ ልብሱን አብረን እንጠብ።» ግን ሁሉንም ነገር ከእጇ አትውሰዱ። ሁሉም ሲሠራላት «ጭራሽ አልረባም» የሚለው ሐሳቧ ይጠነክራል። እናንተ ወጥ ስትሠሩ ሽንኩርቱን እሷ ትላጥ። ቀስ ብላ ትላጠው፣ አታጣድፏት።

ከቤት የማውጣቱም ነገር እንዲሁ በትንሽ በትንሹ ነው። መጀመሪያ እስከ ግቢው በር፣ ከዚያ እስከ ሱቅ። ሲሻላት አመሻሹ ላይ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወስዳችሁ ዳር ዳሩን አስኪዷት። እንቅስቃሴና የፀሐይ ብርሃን ለድብርት እንደሚረዱ በደንብ ይታወቃል። ስሜቱ እስኪመጣ ብትጠብቅ አይመጣም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እግር ይንቀሳቀሳል፣ ስሜቱ በኋላ ይከተላል።

ስለ ንግግር ትንሽ ልበል፤ በደግነት የምንናገረው ብዙ ነገር ስለሚያቆስል። «ከአንቺ የባሰ አለ» ስትባል ሐዘኗ ላይ ጥፋተኝነት ይጨመርባታል። «ለልጆችሽ ስትዪ በርቺ» ስትባል፣ ያቃታትን ነገር መልሰን በፊቷ አቆምነው። «አሁንማ ይብቃሽ» ደግሞ በሩን ይዘጋዋል። ይልቅ የባሏን ስም ጥሩላት። ሰው «እንዳላስታውሳት» ብሎ ስሙን ይሸሻል። እሷ ግን መቼ ረስታው ነው የምታስታውሰው? «እሱ እኮ ልጆቹን ሲያስቅ!» ብላችሁ አንድ ትዝታ ብታነሱ፣ ያለቀሰችው እንባ አይጎዳትም። «እንቅልፍስ እንዴት ነሽ?» «ዛሬ ምን ቀመስሽ?» የሚሉ ትናንሽ ጥያቄዎችም «ደህና ነሽ?» ከሚለው የተሻለ መልስ ያመጣሉ።

ጎረቤት ያልተማረ ስለሆነ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ የዚምባብዌ ዋና ከተማ የሐራሬን አያቶች ይወቅ። ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. የሰፈር አሮጊቶችን ማሠልጠን ጀመረ። እነሱም ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው የተጨነቀ ሰው ያነጋግራሉ። ሰውየው ችግሮቹን ይዘረዝራል። አንዱን ይመርጣል። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያደርገውን አንድ ትንሽ ነገር ራሱ ይወስናል። 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው፣ ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት 14 በመቶ ያህሉ ነበሩ። የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት ግን 50 በመቶ ያህሉ ናቸው።

እነዚያ አያቶች ሠልጥነዋል፣ የሚቆጣጠራቸው ባለሙያም አላቸው። እናንተ ሕክምና እንድትሰጡ አልጠይቅም። ዘዴያቸውን ግን መዋስ ትችላላችሁ። ጎረቤታችሁ ላይ ኪራዩ፣ የልጆቹ ነገር፣ ውዝፉ፣ ምናልባትም ያላለቀ የጡረታ ወረቀት ተከምሮባታል። ሁሉም አንድ ላይ ሲታይ አያንቀሳቅስም። «ከእነዚህ በዚህ ሳምንት የትኛውን እንግፋ?» ብላችሁ ጠይቋት። የጡረታውን ካለች፣ ፋይሉን ይዛችሁ ቢሮው ድረስ አብራችኋት ሂዱ። ወረፋውን እናንተ ያዙላት።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ መጀመሪያ ወደ ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ብትሄዱ ይበቃል። ድሮ የአእምሮ ሕመም ሲባል አማኑኤል ብቻ ነበር የሚታሰበው፤ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። ኢትዮጵያ ግን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትን መርሐ ግብር ተከትላ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን ድብርትን እንዲለዩና እንዲያክሙ ማሠልጠን ጀምራለች። ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ወደ ሪፈራል የሳይካትሪ ክፍል ይልኳታል። እዚያ የሚያስፈራ ነገር የለም። ሰው ቁጭ ብሎ ያነጋግራታል።

መድኃኒት ከታዘዘላት፣ ፍሉኦክሰቲንም ሆነ አሚትሪፕቲሊን፣ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ጥቅሙ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ አንዳንዴም ይዘገያል። የማቅለሽለሹ፣ የአፍ መድረቁና የድንዛዜው ስሜት ግን ቀድሞ ይመጣል። ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው። እነዚያ ሳምንታት የጎረቤት ሥራ ናቸው። «ዛሬ ዋጥሽ?» ብሎ መጠየቅ፣ ለቀጠሮ አብሮ መሄድ። ሞትን የተመኘች ሰው ስለሆነች የመድኃኒቱ ዕቃ እሷ ቤት ባይቀመጥ ይመረጣል፤ ከሦስቱ አንዷ ይዛ የጥቂት ቀን የጥቂት ቀን ትስጣት። በጀመረችባቸው ሳምንታት ጭንቀቷ ወይም የሞት ሐሳቧ ከባሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ሐኪም መልሷት። ከተሻላትም በኋላ ለወራት ትቀጥላለች፣ የምታቆመውም ባለሙያው ሲላት ነው። «ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬ ለእነዚህ መድኃኒቶች አይሠራም።

ጸበሉን በተመለከተ፣ ማንም ከማንም ጋር አይጣላ። እምነቷ ከሆነ ትሂድ። መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ እንጂ። እንጦጦ ማርያም ላይ የአእምሮ ሐኪሞችና የጸበሉ አባቶች አብረው የሠሩበት ልምድ አለ፤ ታማሚው ሁለቱንም ያገኛል። እኔ የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አትታሰር፣ አትመታ። መድኃኒትና ምግብ የሚያስቀር ጾምም አይጣልባት። ፕሮቴስታንት ከሆነች ጸሎት ቤቷ፣ ሙስሊም ከሆነች ዱዓውና ቁርአኑ እንዲሁ ነው። የንስሐ አባቷን ቀድማችሁ ብታነጋግሩ ደስ ይለኛል። «ልጄ፣ መድኃኒትሽን አታቋርጪ» የሚለው ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ እኔ ከምናገረው ይልቅ ይሰማል።

የገንዘቡ ነገር ቀላል አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮዋ ተከፍሎ እንደሆነ ጠይቋት። ካልተከፈለ፣ ዕድሩ ቢከፍልላት በኋላ ከሚወጣው በጣም ያንሳል። ለወደፊቱም መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ብትጨምሩ እወዳለሁ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ በሕመም፣ የአእምሮ ሕመምን ጨምሮ፣ ከሥራ ውጪ ሲሆን መዋጮው ይቆያል፤ ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት የሚሆን ድጋፍ በኮሚቴ ውሳኔ፣ ስም ሳይጠራ ይሰጣል፤ ሐዘን የደረሰበት አባል ከአርባው በኋላ በየወሩ ይጠየቃል። ዕድር የሞተን በክብር እንደሚሸኝ ሁሉ ያለውንም መያዝ ይችላል። አቅሙ አለው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ በየሰፈራችን አንድ ክፍል ተከራይተው ሦስትም አራትም ሆነው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች በዝተዋል። ከገጠር የመጡ ናቸው። ዕድር የላቸውም። አንዷ ብትታመም ወይም እናቷ ብትሞትባት የሚያውቅ የለም። የእናንተ ዕድር ይህን አንቀጽ ሲጽፍ ተከራዮችንም ቢያስብ ምን ያህል ደስ ባለኝ!

ሐሜቱን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። እሷ የነገረቻችሁ ነገር ቡና ላይ ከተወራ ሥራችሁ በሙሉ ይፈርሳል። ሦስቱ ሴቶች ከመጀመራቸው በፊት ይስማሙ። ሌላ ሰው «እንዴት ናት?» ሲል «ደህና ናት፣ እየጠየቅናት ነው» ማለት ይበቃል። «ልክፍት ነው»፣ «ቡዳ በልቷት ነው» የሚል ከተሰማም ዝም አትበሉ። «አሟታል፣ ሕክምና ላይ ናት» ብላችሁ በግልጽ መልሱ።

በመጨረሻ ትልቋ ልጅ። ስለ እሷ የጠቀሱት በአንድ መስመር ነው፤ እኔን ግን በጣም አሳስቦኛል። አባቷን ቀብራለች። አሁን እናቷን እየጠበቀች፣ ታናናሾቿን እያበላች ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች አያስቸግሩም፣ ስለዚህ ማንም አያያቸውም። እናቷ ፈቅዳ፣ ልጅቷ የምታምናት አንዲት ትልቅ ሴት ቁጭ ብላ ትንገራት፦ እናትሽ አሟታል፤ ሕመሙ ስም አለው፣ ይታከማል፤ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም፤ እናትሽን መጠበቅ ያንቺ ሥራ አይደለም፣ የእኛ ነው። ከዚያ ይህ በሥራ ይታይ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳ የምታገኝበትና የቤት ሥራዋን የምትሠራበት አንድ ቤት ይኑር። ማታ ብትሰጋ የምትደውልበት የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር በእጇ ይኑር። እናቷ ከተስማማችም የክፍል ኃላፊ መምህሯ ይነገረው፤ ባረፈደች ቁጥር በር ላይ እንዳትቀጣ።